ማክሰኞ በራሱ እግር ሊሄድ ነበር

እሑድ፣ መስከረም 26

ነገሩ የተበላሸው ዛሬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ሰዓቱን የማውቀው ጋሽ ጥጋቡ ወረቀቱን ሲገልጡ ዓይኔን ግድግዳው ሰዓት ላይ ተክዬ ስለነበር ነው።

ጋሽ ጥጋቡ የጉባኤያችን ሽማግሌ ናቸው። በየሳምንቱ የጸሎት ርዕስ ከሳጥኑ አውጥተው ያነባሉ። የታመመ፣ ፈተና ያለበት፣ ከባሏ የተጣላች፣ በሬ የጠፋበት። የዛሬው ስድስተኛ ወረቀት የእኛ ነበር።

«የቶማ እናት ናት» አሉና መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። «ልጄ ሻምበል ቶማ ሕሊናው ስላልፈቀደለት ከእንግዲህ አይዋጋም። ቢጠና ከተማ እህቴ ቤት በጾምና በጸሎት ላይ ነው። ማክሰኞ በራሱ እግር ወደ ጦር ክፍሉ ሄዶ እምቢታውን በጽሑፍ ይሰጣል። እግዚአብሔር አብሮት እንዲቆም ጸልዩለት።»

ከዚያ እንደተለመደው «የርዕሱ ባለቤት ትነሳ» አሉ፤ እማዬ ተነስታ ቆመች። እጇን መዘርጋት ሲገባት ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እኔ ሰዓቱን አየሁ።

ወደ ሦስት መቶ ሰው ነበር። ማን የት እንደተቀመጠ ከትናንሽ ልጆች በቀር አንድ በአንድ እያስታወስኩ ነው። ሊድያ እንደ ሁልጊዜው ከፊት ጠረጴዛው ጋ ነበረች፤ የተነበበውን ወረቀት መዝገብ ላይ የምትለጥፈው እሷ ናት። ወንድሟ ኪሩቤል የሚሠራው ጸጥታ ቢሮ ውስጥ ነው። ከኋላ አንድ የማላውቀው ኮት የለበሰ ሰው ስልኩን ይነካካ ነበር።

ወረቀቱ ላይ ቢጠና የሚል ባይኖርበት ኖሮ።

ሰኞ፣ መስከረም 27

ወሰዱት።

አክስቴ ሚርያም ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ደወለች። ሁለት መኪና። በር አልሰበሩም፤ አንኳኩተው «ሻምበል ቶማ አለ?» ነው ያሉት። መንገድ ማንንም አልጠየቁም፤ ቀጥ ብለው መጡ። ቦርሳውን ወስደዋል። ደብዳቤው ቦርሳው ውስጥ ነው።

«ውሃ እንኳ አልቀመሰም» ትላለች አክስቴ። ሌላ ነገር ስጠይቃትም የምትመልሰው ይህንኑ ነው።

የዕረፍት ፈቃዱ የሚያልቀው ረቡዕ ነው። ኮብልሏል ሊሉት አይችሉም።

ይሉታል።

ማክሰኞ፣ መስከረም 28

ሊሄድ የነበረው ዛሬ ነው።

ቶማ ታላቅ ወንድሜ ነው። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል፤ አባታችን ከሞተ በኋላ ሕግ ያስተማረኝ የእሱ ደመወዝ ነው። መድፈኛ ነው። ሥራው ሒሳብ ነው፦ ርቀት፣ ከፍታ፣ የነፋስ አቅጣጫ። ለጊፋታ በዓል ፈቃድ ይዞ ሲመጣ ጓሮ ተቀምጬ ለዳጣ ሚጥሚጣ ስለቅም አጠገቤ መጥቶ ቁጭ አለ።

«ናዚ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ የማየው ቁጥር ብቻ ነበር» አለኝ። «ሰኔ ላይ በመነጽር ሳይ አንዱ ቁጥር ላይ ልብስ ለፀሐይ ተሰጥቶ አየሁ። የሕፃን ልብስ።»

«ተኩስ አዘዝክ?»

«አዘዝኩ።» ሚጥሚጣውን ከእጄ ወስዶ መልቀም ጀመረ። «ለዚህ ነው ሁለተኛ የማላዝዘው።»

በሞያሌ የሚያሻግር ሰው አለ ያለው ጓደኛው ነበር። «ምን ሰርቄ ነው የምሸሸው?» ብሎ መለሰው። ሐሳቡ ሌላ ነበር፦ በራሱ እግር ሄዶ፣ ማዕረጉን ለብሶ፣ «ለምትቀጡኝ ቅጣት እዚህ ነኝ፤ ለመተኮስ ግን የለሁም» የሚል ደብዳቤ በእጁ መስጠት። ቃሉ የእሱ ነው፤ በቢሮዬ ኮምፒውተር ላይ አንቀጽ አንቀጽ አድርጌ ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ልቡን ላረጋጋ ብሎ ለጾም ቢጠና ሄደ።

በራሱ የሄደ ሰውና ከአክስቱ ቤት የተያዘ ሰው አንድ አይደሉም። በሕግም አንድ አይደሉም፣ በእሱም ዘንድ አንድ አይደሉም። አንድ ቀን ነበር የቀረው።

ማን ነው የደወለው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 1

ከሥራ ታገድኩ። «የመንግሥት ንብረትን ለግል ዓላማ በመጠቀም» ይላል። ኮምፒውተሩን ትናንት ወስደውታል፤ ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ የቀረው የገመዱ ምልክት ብቻ ነው። ኃላፊዬ ዓይኔን ሳያይ «በግል አትያዢው፣ ናዝራዊት» አለኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው የማይነካው መዝገብ ሁሉ ወደ እኔ ሲወረወር ግን በግል ነበር የምይዘው።

የደብዳቤው ቅጂ አሁን የለኝም። ቦርሳው እነሱ ጋ፣ ኮምፒውተሩ እነሱ ጋ።

ባጃጅ ውስጥ ሾፌሩ ከጎኑ ላለው ሰው በወላይትኛ «የዚያ የፈራው መኮንን እህት ናት» አለ። እኔ ደግሞ በወላይትኛ «ፈሪ ቢሆን ኖሮ ሞያሌን ተሻግሮልህ ነበር» አልኩት። ሂሳብ አልተቀበለኝም። ከእፍረት ይሁን ከሌላ አላወቅኩም።

እሑድ፣ ጥቅምት 3

ሊድያን ግቢው ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ ያዝኳት። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረን የተማርን ነን፤ ለዚያ ብዬ ዝም ማለት ነበረብኝ?

«ለኪሩቤል ነገርሽው» አልኳት።

«ምኑን?»

«ቢጠናን ነዋ። ምን አስበሽ ነው፣ ወንድምሽን ሊሾሙት?»

ሰዎች ቆሙ። ሊድያ መዝገቡን ደረቷ ላይ ያዘችው። አልጮኸችም። «እጅ ጽሑፉ የማን ነው፣ ናዚ?» አለችኝ፤ ከዚያ ሄደች።

ነገር ለማስቀየስ ነው። ጥፋተኛ ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው፤ በሥራዬ ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ቤታችን በር ላይ ስንደርስ እማዬ፣ «እኔ ያልኩሽ ለጤናው ጸልዩለት የሚል ነበር» አለች። እማዬ ማንበብ አትችልም። ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

አየሁት። የታሰረበት ካምፕ ከከተማችን ከሶዶ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። እማዬ የላከችውን ቦይና፣ ጎደሬውን፣ ወታደሩ በማንኪያ እየገመሰ ሲፈትሽ ቶማ በሽቦው ማዶ ቆሞ ይስቃል። «ቀስ በል፣ ወንድሜ፣ መድፍ የለበትም» አለው። ወታደሩም ሳቀ። የሳቀውን ወታደር እንኳ ጠረጠርኩ፤ እንዲያወራ ሊያደርጉት ነው ብዬ።

ከስቷል። ጢሙን ላጭተውታል።

«ኢሻ፣ ወንድሜ፣ ደብዳቤውን ምን አደረጉት?»

«የምን ደብዳቤ? የቦርሳዬ ዝርዝር ላይ ካልሲ አለ፣ መጽሐፍ ቅዱስ አለ፣ የጥርስ ቡሩሽ አለ። ደብዳቤ የሚባል የለም።» ከዚያ ሳቁ ቆመ። «ክሱ ‹ግዳጅ ሸሽቶ ተደብቆ ሳለ ተያዘ› ነው የሚለው። ናዚ፣ ይፈረድብኝ፤ ለዚያ ተዘጋጅቼ ነበር። ባላደረግኩት ግን አይሁን። ፈርቶ ተደበቀ እንዳይባል። አበደም እንዳይባል። ሁለቱ ካልተባለ የቀረውን እችለዋለሁ።»

«ማን እንደጠቆመ አገኘዋለሁ» አልኩት።

«እሱን አልለመንኩሽም።»

ቢጠና መሆኑን እንዴት እንዳወቁ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ ምን እመልስ ነበር? የማውቀውን። የማውቀው ደግሞ የለም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሻለቃ ገብረሥላሴ ዘንድ ሄድኩ። የሠራዊት የሕግ ባለሙያ ነበሩ፤ በጡረታ ከወጡ ወዲህ መናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል አቤቱታ ይጽፋሉ። ግድግዳቸው ላይ የሚካኤል ሥዕልና ከወታደር ቤት የመጣ የምስጋና ወረቀት ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። የየትኛው ወገን እንደሆኑ ከግድግዳው መለየት አልቻልኩም።

«ጴንጤዎች መዋጋት አንችልም ካላችሁ እኛ ኦርቶዶክሶቹ ብቻችንን ልናልቅ ነው?» አሉኝ። ለቀልድ ነው።

«ሃይማኖቱ አይደለም የከለከለው፣ ሕሊናው ነው። ጴንጤ የሆነ ጄኔራል ሞልቷል።»

«ለእሱማ ልክ ነሽ።» ክሱን ሁለቴ አነበቡት። «ስሚ ልጄ፣ እኛ አገር እምቢ ያለ መኮንን ነፃ አይወጣም። ነገር ግን እምቢ ያለውና የሸሸው ቅጣታቸው እኩል አይደለም፤ ስማቸውም እኩል አይደለም። ከመያዙ በፊት የተጻፈ፣ ቀን ያለው፣ ከቤተሰብ ውጭ ባለ ሰው እጅ የተቀመጠ ነገር አምጪልኝ። በራሱ ሊሄድ እንደነበር የሚናገር። አንዲት መስመር ትበቃኛለች። አለሽ?»

«የለኝም» አልኩ።

በጣም ቶሎ መለስኩ። እሳቸውም ሳይገርማቸው አልቀረም፤ ብዕሩን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ። ችሎቱ ኅዳር 3 ነው።

ስወጣ ስልክ ሲያነሱ ሰማሁ። ለማን?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ነጭ ላንድክሩዘር። ትናንትም ነበር፣ ዛሬም። ጎረቤታችን እማማ ሳህሊቱ «የውሃ ልማት መኪና ነው፣ አንቺ ልጅ፣ ቧንቧ ሊዘረጉልን ነው» አሉኝ። እሳቸው እንዴት አወቁ?

ስልኬ ሲደወል ይቆራረጣል። ከአሮጌነቱ ሊሆን ይችላል። ከአሮጌነቱ አይመስለኝም።

የሚጠረጠሩትን ሰዎች በወረቀት ዘርዝሬ ነበር። አሥራ ሰባት። ስጨርስ ቀደድኩት። አሥራ ስምንተኛ መጻፍ ነበረብኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ጉባኤው የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍ ጠየቅኩ። «ቶማ የዚህ ጉባኤ አባል ነው፣ ውሳኔውን በሕሊናው ወስኖ በግልጽ አሳውቋል» የሚል፣ አንድ ማህተም ያለው። ሽማግሎቹ ከአምልኮ በኋላ ተቀመጡ። ውጭ ዛፍ ሥር ጠበቅኩ። በመስኮቱ አንዱ «ነገ እኛንም ይጠሩናል» ሲል ይሰማል።

ጋሽ ጥጋቡ ብቻቸውን መጡ። «ልጄ፣ ጸሎት እንጸልያለን። ደብዳቤ ግን ሌላ ነገር ነው።»

«ለምን ሌላ ሆነ? ሦስት መቶ ሰው ፊት አንብበውት የለም?»

ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ ለዚያ ልጅ ክፉ አላሰብኩም» አሉ። ክፉ አሰቡ ያላቸው ሰው አልነበረም። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ከካምፑ ነው የመጣው፤ በማን በኩል እሳቸው ጋ እንደደረሰ አልነገሩኝም። ቤተሰቡ እንዲፈርም የተዘጋጀ ነው፦ ልጃችን ካለፈው ዓመት ጀምሮ የአእምሮ ሕመም ይታይበት ነበር። ከፈረምን በሕክምና ተሰናብቶ ቤቱ ይገባል።

«ሁሉም በሰላም ያልቃል» አሉ።

«እርስዎ ሲሰብኩ እብድ ነዎት ቢባሉ በሰላም አለቀ ይላሉ?»

«አንቺ ልጅ ምላስሽ አይቆምም።»

«አይቆምም፣ ጋሼ።»

ወረቀቱን ለእኔ አልሰጡኝም። ለእማዬ ሊሰጡ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ሰጧት። ወረቀቱ ራስጌዋ ላይ፣ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ነው። የማኅተም ቀለሙንም ትተውላታል፤ ለአውራ ጣቷ።

«እብድ ተብሎ ቢመጣ ምን አለበት?» አለች። «እኔ አላበደም እያልኩ አበላዋለሁ።»

«እሱ አይፈልግም፣ እማዬ። በአፉ ነግሮኛል። ይህንን ከፈረምሽ ያየው ልብስ አልነበረም ማለት ነው። ያዘዘው ትእዛዝም፣ ጸጸቱም፣ እምቢታውም በሽታ ነበር ማለት ነው።»

«አንቺ የተማርሽ ነሽ። እኔ ልጄን ነው የምፈልገው።» ቀጥላም፣ «ቶማን የተማረ ሰው አልጠቀመውም» አለች።

እስከ ችሎቱ እንድትቆይልኝ ብቻ ለመንኳት። በራሱ ሊሄድ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ካመጣሁ አትፈርምም፤ ካላመጣሁ ትፈርማለች። ቃሏን ሰጠችኝ፣ ቃሌን ሰጠሁ።

ማስረጃው የት እንዳለ አውቃለሁ። ከጥቅምት 11 ጀምሮ አውቃለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ሊድያ ቤት በር ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ወዲያ ወዲህ ስል ቆይቼ አንኳኳሁ። ከፈተችልኝ። ግቢ አላለችኝም።

«መዝገቡን እፈልጋለሁ» አልኳት። «የመስከረም 26ቱን ገጽ።»

«የማን ርዕስ ነው?» ታውቃለች፤ ከአፌ ልትሰማው ነው።

«የእኔ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተች።

እማዬ በየዓርቡ ትነግረኛለች፣ እኔ እጽፍላታለሁ፤ የእሷ ርዕስ በእኔ እጅ ነው የሚገባው። በዚያ ሳምንት ያለችኝ «ለጤናው» ብቻ ነበር። የቀረውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ቶማን ሳልጠይቅ፣ እሷንም ሳልነግር። ምክንያቴ ብልህነት መስሎኝ ነበር፦ ሦስት መቶ ሰው ፊት ከተነበበ፣ ቀን ተጽፎበት ከተለጠፈ፣ በራሱ መሄዱን ማንም ሊክድ አይችልም። ምስክር እያዘጋጀሁለት ነበር። ያለ ቦታ ስም የተጻፈ ነገር እንደ ማስረጃ ደካማ ነው ብዬ ቢጠናን ጨመርኩ። የሕግ ሰው ነኝና።

ይህንን ሁሉ ሊድያ በር ላይ ቆሜ ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። «የገረመኝ አንቺ አለማወቅሽ ነው።»

«ኪሩቤል...»

«ኪሩቤል ያን ሳምንት ለሥራ ተበላ ከተማ ነበር። ጋሽ ጥጋቡ ናቸው የደወሉት።»

ያን እሑድ ከሰዓት፣ መዝገቡን እያስተካከለች ሳለ፣ ከጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመው ሠራዊት ውስጥ ለሚያውቁት አንድ አማኝ ኮሎኔል ደወሉ። «የእኛ ልጅ ነው፣ ቢጠና አክስቱ ቤት እየጾመ ነው፣ ነገሩ ሳይከር በፍቅር ምከሩልን» ሲሉ ሰምታለች። ሽምግልና መሆኑ ነው። ሽማግሌ ነገር ከመክረሩ በፊት ሁለቱን ወገን ያናግራል፤ እሳቸውም ሠላሳ ዓመት ባልና ሚስት ያስታረቁት እንዲሁ ነው። ሠራዊቱንም እንደ ተቆጣ አማት አዩት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? ሰው ፊት ነገርሽኝ እንጂ።»

ይቅርታ ጠየቅኳት። «እሺ» አለች፤ የታረቀ ሰው እሺ አይደለም። መዝገቡን ግን በፌስታል ጠቅልላ ራሷ እንደምታመጣው ነገረችኝ፤ እሷ ያልያዘችው መዝገብ ከቤተሰብ እጅ ወጣ ይባላልና። የእኔን ትምህርት ለእኔ አስተማረችኝ። ጋሽ ጥጋቡ ከለከሏት ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «አልጠየቅኳቸውም» አለች። «እሳቸውም ሲደውሉ አልጠየቁም።»

እሑድ፣ ኅዳር 1

ሻለቃ ገብረሥላሴ ገጹን አዩት። ሦስቴ። «ይህንን ይዘሽ ነው ሃያ ቀን ሙሉ የለኝም ያልሽኝ?»

«አዎ።»

«ማን ጻፈው ይሉሻል። ቢጠናን ለምን ጨመርሽ ይሉሻል። ወንድምሽ እዚያው ተቀምጦ ይሰማል።»

«ይስማ።»

ያን ቀን ስወጣ ለማን እንደደወሉ ጠየቅኳቸው። ለልጃቸው ነው። እንደሚዋሹኝ እያሰብኩ ነበር የጠየቅኩት፤ ፊታቸውን ሳይ አፈርኩ። ይህ ልማድ በቶሎ የሚለቀኝ አይመስለኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

የችሎቱ ክፍል ትንሽ ናት፣ ቆርቆሮዋ ይንቋቋል። ቶማ ማዕረጉ ተነስቶ፣ ከትከሻው ላይ የክሩ ቀዳዳ ብቻ ቀርቶ ገባ። እማዬ ከእኔና ከሊድያ መሃል ተቀመጠች። ያ ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፣ ያልተፈረመ።

ሊድያ መዝገቡን በሁለት እጇ አቀረበች። ቀኑ፣ ፊርማዋ፣ የተለጠፈው ወረቀት፣ ከጎኑ «ምላሽ» የሚለው ባዶ ሳጥን። ዐቃቤ ሕጉ አገላበጠው። ከበፊቱም ከኋላውም የሌሎች ሰዎች ርዕስ ስላለ በኋላ ገባ ማለት አልቻለም። ከዚያ ዳኛው ጮክ ብለው አነበቡት። «ማክሰኞ በራሱ እግር ወደ ጦር ክፍሉ ሄዶ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ከክሱ ላይ የተያዘበትን ቀን ፈልገው አገኙት። ሰኞ።

«ይህንን የጻፈው ማን ነው?»

እማዬ እጄን ያዘችኝ። ለቀቅኳትና ተነሳሁ።

«እኔ ነኝ፣ ክቡር ዳኛ። እናቴ አላለችኝም። ወንድሜም አያውቅም።»

ቶማ ዞረ። አተኩሮ አየኝ። የፈራሁት ይህንን እይታ ነበር፤ ወር ሙሉ አሥራ ሰባት ሰው የጠረጠርኩት ከዚህ እይታ ለመሸሽ ነው። ከዚያ የተገለጠውን መዝገብ አየት አድርጎ፣ ቀስ ብሎ በወላይትኛ፣ «ፊደልሽ ዛሬም አልተስተካከለም» አለኝ። ጠባቂው ዝም በል አለው።

መዝገቡ ከፋይሉ ጋር ተያያዘ። «ተደብቆ» የሚለው ቃል እንዲመረመር ታዘዘ። ቀጠሮ ኅዳር 24። ይፈረድበታል፤ ሻለቃው ዛሬም ደግመው ነግረውኛል። ነገር ግን እምቢ በማለቱ ይፈረድበታል። የለመነኝ እሱን ነበር።

ውጭ ጋሽ ጥጋቡ ቆመው ነበር። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። «ለሰላም ብዬ ነበር» አሉኝ፣ ምንም ሳልጠይቃቸው። እማዬ ከቦርሳዋ ወረቀቱን አውጥታ በእጃቸው ሰጠቻቸው፣ የማኅተም ቀለሙንም ጨምራ። «ልጄ ጤነኛ ነው» አለቻቸው።

ሶዶ ስንወርድ ሊድያ ቻው አላለችኝም፤ ለእማዬ ግን እቃዋን ይዛላት እስከ ቤታችን በር ሄደች።

ስለዚህ እዚህ ላይ ልጻፈው። ወንድሜ ታሞ ነው የሚል ወረቀት ከእንግዲህ ከማንም እጅ አልቀበልም። ፈርቶ ነው የሚለውንም፣ ከባጃጅ ሾፌርም ይሁን ከዳኛ። እኛን ሳይጠይቁ ለእኛ ብለው ከጀርባችን የሚያስታርቁንን አልቀበልም፣ የወደዱንም ቢሆኑ። በአዳራሽ ለቶማ አሜን ብሎ በማህተም አላውቀውም የሚለውን ጸሎት አልቀበልም፤ ኅዳር 24 ቀን አብረውት የሚቀመጡ ሰዎች ያስፈልጉኛል፣ በየቤታቸው እየሄድኩ በስማቸው እጠይቃቸዋለሁ።

ከራሴም አንድ ነገር አልቀበልም። ከመስከረም 26 ጀምሮ ያለውን መልሼ አነበብኩት፦ «ወረቀቱ ላይ ቢጠና የሚል ባይኖርበት ኖሮ» ብያለሁ፣ ወረቀት በራሱ የሚጻፍ ይመስል። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በዚህ ደብተር ሁለተኛ አይገባም።

ቢጠና ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።